ዳኛው ጆሮ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ይህን ያሉበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ ነው። እኔም ተረቱን በዚሁ ትርጉሙ ብቻ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በአዳማ ከተማ በአባቴ ቤት አንዲት አነስተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ለመመርመር በተቀመጥን ጊዜ ተረቱ ሌላም ትርጉም እንዳለው ተረዳሁ። ነገሩ በሳቅ ተጀመረ፤ በሳቅ ግን አላለቀም። ስለዚህ ያየሁትን ለአንባቢ ላካፍል ወደድሁ።

አባቴ በወጣትነታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የሚያልፈው፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በከተማችን በኩል ነው። ባቡሩ በጣቢያው ሲቆም የአባቴ ሥራ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘው ከፊት እስከ ኋላ እየሄዱ መንኰራኵሩን አንድ በአንድ መምታትና ድምፁን ማዳመጥ ነበር። ደኅና ብረት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ጩኸቱም ጥቂት ቆይቶ ቀስ እያለ ይጠፋል። የተሰነጠቀ ብረት ግን እንደ ነቃ ገንቦ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። እንግዲህ የብዙ መንገደኛ ሕይወት በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ በቤታችን ውስጥ የድምፅ ነገር ሲነሣ የመጨረሻው ፍርድ የአባቴ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳሉ ጀበናና ምጣድ ለመግዛት ገበያ ሲወርዱ እርሳቸውን ያስከትሉ ነበር፤ አባቴም ዕቃውን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው «ይህ ይሁን፤ ያኛው ነቅቷል» ይሉ ነበር። ስተዋል አላየሁም። ከባቡር ሥራ ከወጡ በኋላ የራሳቸውን የብረታ ብረት ቤት ከፍተው ለ20 ዓመት ያህል በርና መስኮት ሲሠሩ ኖሩ። ዛሬ በጡረታ ዕድሜአቸው ደስታቸው ሙዚቃ ነው። በሳሎናቸው አንድ ጃፓን ሠራሽ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የእንጨት ድምፅ ማጉያዎችና አንድ የሸክላ ማጫወቻ አሉ። ሸክላዎቹንም እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሯቸዋል።

ይሁን እንጂ አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። ነፋሷ ለአገር ጥቅም መዋሉ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ኀይል ጣቢያዎች በኮረብቶቿ ላይ ተመርቀዋል። ለሸክላ ግን ነፋስ ጠላት ነው፤ አቧራውን በመስኮትና በበር ሥር እያስገባ በሸክላው ስንጥቅጥቅ መስመሮች ውስጥ ይሞላዋልና። በመጨረሻ የማጫወቻው መርፌ አለቀ። በአዳማ ፈለግን፤ በሞጆና በቢሾፍቱም አስፈለግን፤ አላገኘንም። የአባቴ ቤት ዝም አለ።

ይህን የሰማች በውጭ አገር የምትኖር እህቴ አንዲት ክብ መሣሪያ ላከችልን። ስሟ ክሮምካስት ኦዲዮ ይባላል። ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በ35 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ ያቀረባት ስትሆን በ2019 መሠራቷ ቆሟል፤ እህቴም የገዛችው ሰው የተጠቀመበትን ነው። ስፋቷ ከቡና ሲኒ አፍ አይበልጥም። የራሷ ድምፅ ማጉያ የላትም፤ በቀጭን ገመድ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ጋር ትያያዛለች፤ ሙዚቃውን በቤት ውስጥ ካለው ዋይፋይ ትቀበላለች። የእጅ ስልክ የሚሠራው እንደ አዛዥ ሆኖ «ይህን ዘፈን አምጪ» ማለት ብቻ ነው፤ ሙዚቃውን ከኢንተርኔት የምትቀዳው ራሷ ናት። በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ዘፈን ሲሆን ግን ስልኩ ራሱ ይልክላታል። በቍጥር የተጻፈውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጣ ለአምፕሊፋየሩ ታስረክባለች። የድምፅ ጥራቷ የሚለካው እንግዲህ ይህን ለውጥ ምን ያህል በታማኝነት እንደምትፈጽም ነው።

አባቴ አገላብጠው አዩአትና «ይህች የካፖርት ቍልፍ ናት የምታዘፍነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ድምፁ ደፈረሰ፤ ጐርናናው ቤቱን አናወጠ፤ የዘፋኙ ቃል ተሰባበረ። እኔም ወዲያው «ርካሽ ዕቃ ርካሽ ነው» ብዬ ፈረድሁ። በማግሥቱ የታላቅ እህቴ ልጅ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ የሆነው፣ መጥቶ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ተመለከተና ሳቀብኝ። ገመዱን የሰካሁት ለሸክላ ማጫወቻ በተመደበው ቀዳዳ ነበር። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ሞገድ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ በሸክላውም ላይ ጐርናናው ሆን ተብሎ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሚቀረጽ፣ ያ ቀዳዳ ሞገዱን ብዙ ጊዜ ያበዛዋል፤ ጐርናናውንም ከፍ፣ ቀጭኑንም ዝቅ ያደርገዋል። ለሌላ መሣሪያ ግን ይህ ሁሉ ጥፋት ነው። ገመዱን ነቅሎ ከጐኑ ባለው ቀዳዳ ሲሰካው ድምፁ ጠራ። ጥፋቱ የመሣሪያዋ ሳይሆን የእኔ ነበር። የመጀመሪያው ፍርዴ በዚህ ተሻረ።

አባቴ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲምባሉ የለም» አሉ። «ከበሮ መቺው ናሱን ሲነካው እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ነበረ። በሸክላው ላይ አውቀዋለሁ። እዚህ የለም።»

ይህ ቀላል ክስ አልነበረም። የምናዳምጠው ዘፈን መሐሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውና ካይፋ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው «እሬ መላ መላ» ነበር፤ አባቴም ያን ሸክላ በአዲስነቱ ገዝተው ስንት ጊዜ እንዳዳመጡት ቍጥር የለውም። ስለዚህ በስልኬ ውስጥ የነበረውን ቅጂ መጠርጠር ጀመርሁ። ቅጂው በኤም.ፒ.3 የተጨመቀ ነበር። አንድ ሲዲ በየሴኮንዱ 1,411 ሺህ ቢት ያነባል፤ የእኔ ቅጂ ግን 128 ሺህ ቢት ብቻ፣ ይኸውም ከ11 እጅ አንዱን ያህል ነበር። ኤም.ፒ.3 ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ይጨምቃል፤ ጭመቃው ሲበረታ ደግሞ ቀድሞ ከሚጐዱት አንዱ የሲምባል ድምፅ ነው። «ተገኘ!» አልሁ። ይኸው ሥራ በፈረንሳይ አገር በታተመው በኤቲዮፒክስ 7ኛ ክፍል ላይ በሲዲ ስለሚገኝ፣ ሲዲውን ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ምንም ሳይጣል እንዳለ ወደ ስልኬ ገለበጥሁት።

ለእኔ ለውጡ ግልጽ ነበር። እንዲያውም መሣሪያዋ ከሲዲ ማጫወቻው ይልቅ ሕያው ድምፅ እንደምታወጣ ለሰማኝ ሁሉ ነገርሁ። አባቴ ግን ደግመው አዳመጡና «አሁንም የለም» አሉ።

እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ቆመ። እኔ በመሥሪያ ቤቴ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባል ሆኜ አገልግያለሁ። በዚያ ሥራ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው የተጫራቹን ስም ካወቀ ዕቃውን ሳይሆን ስሙን እንደሚመዝን ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ «ይህንም በታሸገ ፖስታ እናድርገው» አልሁት። እርሱም ሐሳቡን ወደደው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ጨመረበት።

አንደኛው የድምፁን ልክ ማስተካከል ነበር። ከሁለት ድምፆች አንዱ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ፣ ጆሮ «ከፍ ያለ ነው» አይልም፤ «የተሻለ ነው» ይላል። ስለዚህ አንድ ወጥ ድምፅ በሲዲ ማጫወቻውና በመሣሪያዋ በየተራ አስጮኸና በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ በመልቲሜትር ለካው። መሣሪያዋ 12 በመቶ፣ በድምፅ መለኪያ አንድ ዴሲቤል ያህል፣ ከፍ ብላ ተገኘች። እኔ «ሕያው» ያልሁት ድምፅ ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለተኛውም ፍርዴ በዚህ ተሻረ።

ሁለተኛው ብዛት ነበር። አንድ ጊዜ መገመት ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ዐሥር ጊዜ ተፈትኖ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ጊዜ የሚያገኝ ሰው ግን በዕድል ብቻ ይህን የሚያደርገው ከ1,024 ጊዜ 11 ጊዜ፣ ማለት ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ነው።

ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ። በሳንቲም ዕጣ እየጣለ አንድ ጊዜ ሲዲ ማጫወቻውን፣ አንድ ጊዜ መሣሪያዋን አሰማን። አባቴ፣ ባለቤቴና እኔ ሳንነጋገር ፍርዳችንን በየወረቀታችን ጻፍን። ዐሥሩ ሲያልቅ ወረቀቶቹ ተነበቡ። እኔ ከዐሥር ስድስት፣ ባለቤቴ ከዐሥር አምስት አገኘን፤ ማለትም አልለየንም። ያን ያህል ስናገርለት የነበረው ልዩነት ስሙ ሲሸፈን አብሮ ጠፋ።

የአባቴ ወረቀት ግን ከሁላችንም የተለየ ነበር። «ሲዲ» ወይም «መሣሪያ» ብለው አልጻፉም። በዐሥሩም መስመር ላይ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈታቸው አንድ ቃል ብቻ ጽፈው ነበር። «የለም» ይላል።

ልጁ ነገሩ ሳይገባው «አባባ፣ በሁለቱም እኮ አለ» አላቸው። አባቴ ቀና ብለው እኔን ተመለከቱ። «አንተ ትሰማዋለህ?» አሉኝ። ምን ልበል? ልዋሽ አሰብሁ፤ አልቻልሁም። «እሰማዋለሁ አባባ» አልሁ።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ልጁን «ያንን ወጥ ድምፅ አምጣው፤ ከወፍራሙ ጀምረህ ወደ ቀጭኑ ውጣ። ስሰማ እጄን አነሣለሁ» አሉት። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። የድምፅ ቀጭንነት በሄርትዝ ይቈጠራል፤ ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ይሰማል። በ500 የአባቴ እጅ ተነሣ። በ1,000 ተነሣ። በ2,000 ዘግይቶ ተነሣ። በ3,000 ግን እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ቀረ። በ4,000 እኛን ጆሯችንን የሚወጋን ፉጨት ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚቀጥለውን ድምፅ ይጠብቁ ነበር።

ይህ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ግን ለመረዳት በቂ ነበር። ዕድሜ የሰውን ጆሮ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ይበላዋል። የብረትና የሞተር ጩኸት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ከ3,000 እስከ 6,000 ሄርትዝ ያለውን ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይበቅሉም። ጕዳቱም ሕመም የለውም፤ ወፍራሙን ድምፅ ሰው ስለሚሰማ ደኅና የሆነ ይመስለዋል። «ስ»ና «ሽ»፣ «ጽ»ና «ፍ» ግን ከቃላት መካከል አንድ በአንድ ይወጣሉ። አባቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «የዛሬ ልጆች ቃላቸውን ይውጣሉ፤ የራዲዮ ሰዎችም መናገር ረስተዋል» እያሉ ያማርሩ ነበር። እኛም የሽማግሌ ምሬት ነው ብለን እናልፈው ነበር። በእውነቱ ሕመማቸውን ነግረውን ነበር፤ እኛም አልሰማንም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን አባቴ በጓሮው ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቍራጭ አለ፤ በልጅነታችን ለምሳ የምንጠራበት ደወል ነበር። አሮጌውን መዶሻ ይዘው ይመቱታል፤ ያዳምጣሉ፤ እንደ ገና ይመቱታል። ስቀርባቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ «ከመቼ ጀምሮ ይሆን?» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ወዲያው አልገባኝም።

«ጆሮዬ የሄደው በብረታ ብረት ቤቱ ከሆነ ደግ ነው፤ የራሴ ዕዳ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነስ? የመጨረሻዎቹን ዓመታት መንኰራኵሮች ማን ሰማቸው?»

«አባባ፣ እርስዎ ባሳለፉት ባቡር አንድም አደጋ አልደረሰም» አልኋቸው።

«አለመድረሱ የእኔ ምስክር አይሆንም» አሉ። «የተሰነጠቀ ብረት በወፍራሙም ድምፅ ይታወቃል፤ በመዶሻው እጀታ በኩል እጄም ይሰማ ነበር። እንዲህ እያልሁ ሌሊቱን ራሴን ሳጽናና አደርሁ። ነገር ግን ይህ ራሴ ለራሴ የምሰጠው ምስክርነት ነው። ያን ሁሉ ብረት ስመረምር አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን ላስመርምር ብዬ አላውቅም። ማንም አልከለከለኝም። አላሰብሁትም።»

ይህን ብለው መዶሻውን በቦታው አኖሩት። እኔም የምመልሰው አጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም። በመሥሪያ ቤት ስንቀመጥ ስንቱን ሰነድ፣ ስንቱን ዕቃ፣ ስንቱንም ሰው እንመረምራለን። በመምህርነት ወንበር የተቀመጠም የተማሪውን ወረቀት ያርማል። የራሳችንን መመዘኛ ግን መቼ አስመዘንነው? ሳይታወቀን የጐደለ ሚዛን ይዘን ከፊታችን የቆመውን ሁሉ «ይህ ይጐድለዋል» ስንል ኖረን እንደ ሆነስ?

በዚያው ሳምንት አባቴን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኋቸው። እርሳቸውም እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተፈተኑ። ዛሬ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ፤ የወጣትነት ጆሮአቸውን አልመለሰላቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ቃል ግን መልሶላቸዋል። ሙዚቃ ሲያዳምጡ አምፕሊፋየሩ ላይ የቀጭን ድምፅ መጨመሪያውን ወደ ቀኝ ያዞሩታል። ቀድሞ ቢሆን «ድምፁን አበላሸህ» ብዬ የምከራከር ሰው ነበርሁ፤ አሁን ዝም እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. በዚህችው በአዳማ ያረፈውን የዓሊ ቢራን ዘፈን ሲሰሙ አንዳንድ ጊዜ ጣታቸውን አንሥተው «መጣ፤ አሁን መጣ» ይላሉ። ደግሞ «ሄደ» ይላሉ።

መሣሪያዋን በሚመለከት የመጨረሻው ፍርድ አጭር ነው። በእኛ ቤት፣ በእኛ ድምፅ ማጉያ፣ በእኛ ጆሮ፣ ያች የ35 ዶላር ቍልፍ ከሲዲ ማጫወቻው ልትለይ አልቻለችም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ገንዘቡንና ሐሳቡን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያውለው ይጠቀማል እላለሁ። አስቀድሞ ገመዱ በትክክለኛው ቀዳዳ መሰካቱን ይመልከት፤ ቀጥሎ የዘፈኑ ቅጂ ያልተጨመቀ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተጨመቀ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያውንና ክፍሉን ያስብ፤ ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፅን ያንጫርራልና ምንጣፍና መጋረጃ ይረዳሉ። ሁለት መሣሪያ ሲያወዳድርም የድምፁን ልክ አስተካክሎ፣ ስሙን ሸፍኖ፣ ደጋግሞ ይፈትን። ከሁሉ በፊት ግን ጆሮውን ያስመርምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት የማይበልጥ ማዳመጥን ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከፍ ሲል ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

አባቴ ግን ከዚህ ሁሉ ምክር የበለጠ ሠሩ። አንድ ቀን ማለዳ የብረታ ብረት ቤቶች ወዳሉበት መንደር ሄዱ። የቀድሞ ሱቃቸውን የተረከበው ጐልማሳና ሦስት ወጣት ሠራተኞቹ ብረት በመቍረጫ ሲቈርጡ አገኟቸው። አባቴ ከኪሳቸው አራት የጆሮ መሸፈኛ አውጥተው አንድ በአንድ ሰጧቸው። ልጆቹም አባቴን ስለሚያከብሩ አጠለቁት፤ አንደኛው ግን ሳቅ ብሎ «አባባ፣ እኔ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ እሰማለሁ» አላቸው።

አባቴም «አውቃለሁ ልጄ፤ እኔም እሰማ ነበር» ብለው መለሱለት።